የጦሳን ተራራ በሌሊት ለምትወጡ ልጆች

ውድ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፤

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ «ዛሬ ሌሊት ጦሳ ወጥተን ፀሐይ ስትወጣ እንይ» መባባል ይጀመራል። ሐሳቡ ማታ ሻይ ቤት ይጠነሰሳል፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ መንገድ ይገባል። የሚለበሰው ቀን የተዋለበት ቲሸርትና ጂንስ፣ የሚያዘው ስልክና ለሁለት ሰው አንድ ሃይላንድ ውሃ ነው። ይህን የምጽፈው «አትውጡ» ለማለት አይደለም። ከጦሳ አናት ሆኖ ከአዝዋ ገደል በላይ ሰማዩ ሲቀላ፣ ደሴ ከጉሙ ሥር ቀስ እያለች ስትገለጥ ማየት ለዚህ አገር ልጅ ይገባዋል። በድንገተኛ ሕክምና ያረጀሁ ባለሙያ ነኝና የምነግራችሁ የሰው ገላ በዚያ ሰዓትና በዚያ ከፍታ ምን እንደሚሆን፣ በምንስ እንደሚተርፍ ነው።

ከሂሳቡ እንጀምር፤ አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው እዚያ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጦሳ አናት ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በመካከሉ 500 ሜትር ያህል ሽቅብ አለ። ደህና የሚራመድ ወጣት በቀን ብርሃን በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። በጨለማና በቡድን ሲሆን ግን 200 ወይም 250 ብላችሁ አስሉት፤ ጉዞው ከሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ወይም ከዚያ ትንሽ አልፎ ነው። እንግዲህ ከምሽቱ 5 ሰዓት የተነሣ ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ አናቱ ላይ ይደርስና አምስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ይላል ማለት ነው።

የሚጎዳው ያ መቀመጥ ነው። ምድር ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰማይ ስትለቅ ታድራለች፤ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ሙቀቱን የሚመልስ ደመና የለም። ስለዚህ ቅዝቃዜው እየበረታ ሄዶ የሚከፋው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ውርጭ የሚጥለውም በዚያ ሰዓት ነው። ዳገቱን ሲወጣ ላብ ያጠመቀው ሰው፣ የተራራ ነፋስ ፊት ለፊት፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያን ሰዓት ይጠብቃል። ጨለማውንና ጅቡን ፈርታችሁ ዱላ ትይዛላችሁ፤ ለዚህኛው ግን ማንም የሚዘጋጅ የለም።

መፍትሔው ዘግይቶ መነሣት ነው። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተኙ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥታችሁ ትኩስ ነገር ቅመሱ፤ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ከተራራው ሥር ሁኑ። ወደ 12 ሰዓት ትደርሳላችሁ። ጎህ ሲቀድ የመጨረሻውን ገደላማ ክፍል መሬቱን እያያችሁ ትረግጣላችሁ፤ የምትጠብቁት ግማሽ ሰዓት ብቻ ይሆናል። ፀሐይዋ ያችው ናት፤ የስድስት ሰዓት እንቅልፍም ይዛችኋል። ስትወጡ አትሽቀዳደሙ። እየተራመዳችሁ ሳትቆራረጡ ማውራት ከቻላችሁ ፍጥነታችሁ ልክ ነው፤ ቃላችሁ በትንፋሽ ከተቆረጠ እያላባችሁ ነውና ቀዝቀዝ በሉ። ሲሞቃችሁ ሹራቡን አውልቁ፤ ላብ ሳይመጣ ማውለቅ ነው ብልኃቱ።

ስለ ልብስ ትንሽ ልቆይ። ጥጥ ላብ ይጠጣል፤ የጠጣውንም ይዞ ይቀራል። ቲሸርቱም፣ ጂንሱም፣ ጋቢውም ጥጥ ነው። ደረቅ ጋቢን የሚያህል የለም፤ የራሰ ጋቢ ግን ከገላችሁ ሙቀት እየመጠጠ ለነፋስ ይሰጣል። ሱፍ እርጥብ ሆኖም ይሞቃል፤ የደጋ እረኛ በርኖስ የሚደርበው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፦ ከገላችሁ ላይ የእግር ኳስ ማሊያ ልበሱ፤ ጨርቁ ጥጥ ስላልሆነ ቶሎ ይደርቃል። በላዩ ከሰልባጅ ተራ የተገዛ የሱፍ ሹራብ ይበቃል። ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያሳልፍ ነገር ያስፈልጋል፤ የዝናብ ልብስ ካጣችሁ ትልቅ የቆሻሻ ፌስታል ለአንገትና ለእጅ ቀድዳችሁ አጥልቁት፤ ያምራል አላልኩም፣ ነፋስ ግን ይመልሳል። ደረቅ ቲሸርት፣ ደረቅ ካልሲ፣ ኮፍያና ጋቢ በሌላ ፌስታል አስራችሁ ያዙ፤ እስክትደርሱ አይፈታ። ስትደርሱ የመጀመሪያ ሥራችሁ ፎቶ አይሁን፤ የራሰውን አውልቁ፣ ደረቁን ልበሱ፣ ጋቢውን ደርቡ፣ የነፋስ መከላከያውን ከላይ አድርጉ። የምትቀመጡበት ማዳበሪያ ያዙና ሣር ጠቅጥቃችሁ ተቀመጡበት፤ ቀዝቃዛ ድንጋይ ከነፋስ ባልተናነሰ ሙቀት ይወስዳል።

የኮምቦልቻ ልጆች ይህን ከደሴዎቹ የበለጠ ልብ በሉት። ከተማችሁ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ ከቤታችሁ እስከ ጦሳ አናት 7 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል፤ ነፋሱ ሳይቆጠር። ከቤት ስትወጡ የበቃው ሹራብ እዚያ አይበቃም።

አሁን ዋናውን። የሰው የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ35 ሲወርድ ሕመም ነው። ምልክቱ ከጣት ይጀምራል፤ ዚፕ መዝጋት፣ የጫማ ክር ማሰር ያቅታል። ቀጥሎ መላ ሰውነት ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ምላስ ይተሳሰራል፣ እግር ይወላከፋል፤ ተጫዋቹ ልጅ ዝም ይላል ወይም በትንሹ ይቆጣል። ጓደኛችሁን የጠረጠራችሁ እንደሆነ ከ20 ወደ 1 ቁጠር በሉት፤ አሥር እርምጃም ቀጥ ብሎ ይሂድ። ከተሳሳተ ጉዞው አብቅቷል። ከሁሉ የሚያታልለው መንቀጥቀጡ የቆመ ዕለት ነው። «ተሻለው» ይባላል። አልተሻለውም፤ ገላው ራሱን የሚያሞቅበት ነዳጅ አልቆበታል። አንዳንዱማ «ሞቀኝ» ብሎ ልብሱን ማውለቅ ይጀምራል። እዚህ ላይ የእኛ የወሎ ደግነት ራሱ ይጎዳል፤ «አብሽር፣ ደርሰናል» እያልን እንጎትተዋለን። አትጎትቱት።

ከነፋስ አውጡት፤ ቋጥኝ ወይም ቁጥቋጦ ጥግ ይበቃል። የራሰ ልብሱን አውልቁለት፣ ከሥሩ ሣርና ማዳበሪያ አንጥፉ፣ በደረቅ ጋቢ ከነራሱ ጠቅልሉት። አንዳችሁ ጋቢው ውስጥ ገብታችሁ እቀፉት፤ የሰው ገላ ጥሩ ምድጃ ነው። ነቅቶ የሚውጥ ከሆነ ስኳር የበዛበት ሙቅ ሻይ ስጡት፤ ከደነዘዘ ግን በአፉ ምንም አታድርጉ፣ ያንቀዋል። እጅና እግሩን አትሹ፤ እሳት ላይም አታስጠጉት። መንቀጥቀጡ የቆመን ሰው አስነሥታችሁ አታስኬዱት። የቀዘቀዘ ልብ በጥቂት ግፊት ምቱ ሊዛባ ይችላልና አጋድማችሁ ቀስ አድርጋችሁ ተሸከሙት፤ መኪና መንገድ ላይ ለሚጠብቅ አምቡላንስ ቀድማችሁ ደውሉ፤ የቀይ መስቀሉ 907 ነው። ለዚህም ነው ከአራት ሰው አንሳችሁ አትውጡ የምለው፤ አንዱ ሲታመም አንዱ አብሮት ይቆያል፣ ሁለቱ ወርደው ሰው ይጠራሉ።

አረቄ ያሞቃል የሚባለውን አትመኑ። የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ሙቀት ይሰማችኋል፤ በእውነቱ ግን ከውስጥ የነበረው ሙቀት ወደ ቆዳ ወጥቶ እየጠፋ ነው። ጫትም ረኃቡን፣ ጥሙንና ድካሙን ይደብቃል እንጂ አያስቀርም፤ ገላ «በቃኝ» የሚልበትን ድምፅ አፍኖ ዳገት ማስወጣት ነው። በምትኩ በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ ያዙና በየአርባ ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ቅመሱ። ውሃ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር፤ ለቡድኑ አንድ ፔርሙዝ ሻይ። ድንኳን የምትይዙ ከሆነ የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ፤ ጭሱ የማይታይና የማይሸት መርዝ አለው፣ ተኝቶ የነበረውን እንደተኛ ይወስደዋል።

ብርሃን ከግንባር ላይ በሚታሰር ባትሪ ይሁን። በስልክ መብራት መሄድ አንድ እጅ ያሳጣል፤ ስልኩ ደግሞ በብርድ ቶሎ ይዘጋል፣ የመደወያው ሰዓት ሲደርስ የለም። ስልኩን ከገላችሁ አጠገብ ካለው ኪስ አኑሩት፣ መለዋወጫ የባትሪ ድንጋይም አትርሱ። ጫማው ጥርስ ያለው ሶል ይኑረው፤ የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጣጭ ከጤዛ ጋር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ዝናብ በዘነበ ሰሞን፣ በበልግም ሆነ በሐምሌና በነሐሴ፣ ጨርሶ አትሞክሩት፤ የደሴ ተዳፋት ውሃ ሲጠጣ እንደሚናድ ከተማው ያውቀዋል፤ ጉም ከወረደ ደግሞ መንገዱም ገደሉም አንድ ይሆናል።

ጅብ በቡድን ለሚሄድ ሰው ብዙ አይደፍርም፤ ተነጥሎ የሚቀር እንዳይኖር፣ ካያችሁትም አትሩጡ። ከጅቡ ይልቅ የመንደር ውሻ ይነክሳል። ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ የዚያኑ ዕለት ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጤና ተቋም ሂዱ። በ2014 ዓ.ም. በከተሞቻችን ዙሪያ ውጊያ ነበርና መሬት ላይ ያያችሁትን የማታውቁትን ብረት አትንኩ፣ በእግርም አትግፉ። የሰዓት እላፊና የጸጥታ ሁኔታም ይለዋወጣል፤ ቀድማችሁ ቀበሌውን ጠይቁ። ቤት ለቀረ አንድ ሰው የምትሄዱበትን መንገድና የምትመለሱበትን ሰዓት ነግራችሁ ውጡ፤ «እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ካልደወልን ሰው ላኩ» ማለት በቂ ነው።

ጦሳን የለመደ ሰው ቀጥሎ የሚመኘው አቡነ ዮሴፍን ወይም ራስ ደጀንን ነው። እነርሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ሌሊት ተነሥቶ ጠዋት አናት መድረስ የሚባለው እዚያ አይሠራም። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ ካለፈው ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ባይል ይመረጣል፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን ዕረፍት። ከደሴ መሆናችሁ ትንሽ ይረዳል እንጂ አይሸፍናችሁም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ ባላችሁበት ቁሙ። ተረከዝን ከጣት እያገናኘ ቀጥ ብሎ መሄድ ያቃተው፣ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ያጠረውና የሚያስለው ሰው ጭንቅላቱ ወይም ሳንባው ውኃ እየቋጠረ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ይውረድ፤ ንጋትን አትጠብቁ። የጃፓኑ ፉጂ 3,776 ሜትር ነው። ማታ ተነሥቶ ሳያርፉ ለፀሐይ መውጫ መድረስን ጃፓኖች «የጥይት አወጣጥ» ይሉታል። ጉዳቱ ስለበዛባቸው በ2024 እ.ኤ.አ. ብዙ ሰው በሚወጣበት በያማናሺ በኩል በር ሠርተው፣ ተራራው ላይ ማደሪያ ያልያዘ ሰው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት እንዳያልፍ አገዱ፤ በዓመቱ መዝጊያውን ወደ ቀኑ 8 ሰዓት አመጡት። ጦሳ በር የለውም፤ በሩን ራሳችሁ ዝጉት።

ስትወርዱ ደግሞ ጉልበት የዛለበት፣ ዓይን የተከደነበት ሰዓት ነው፤ ወለም የሚለውና የሚወድቀው ያኔ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ብሉ፣ የጫማ ክር አጥብቁ፣ አጭር እርምጃ ሂዱ፤ አቋራጭ አትፈልጉ፣ በወጣችሁበት ውረዱ። እግሩ ወለም ያለው ሰው ጫማውን አያውልቅ፤ በነጠላ ከላይ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩለት። የኮምቦልቻዎቹ፣ በተለይ ሞተር የያዛችሁ፣ እንደወረዳችሁ ያን ቁልቁለትና ጠመዝማዛ መንገድ አትጀምሩት። ደሴ ዘመድ ቤት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኙ፣ ቁርስ ብሉ፣ ፊታችሁን ታጠቡና ከዚያ ውረዱ።