ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የመታጠቢያ ቤቱ ሻጋታና የልጄ ሳል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ሰሜን ሸዋ ደብረ ብርሃን ነው። ከክረምቱ ወዲህ የመታጠቢያ ቤታችንን ኮርኒስ ጥቁር ሻጋታ ወርሶታል። በበረኪና አጠብነው፣ ቀለም አስቀባነው፤ ተመልሶ መጣ። የ7 ዓመት ልጄን ደግሞ ሌሊት ሌሊት ያስላታል። ከሻጋታው ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። የሻጋታ ብናኝ አለርጂ ያለበትን ሰው ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑን ያሳክከዋል፣ አስም ካለበትም ይቀሰቅስበታል። ጥቁር ስለሆነ ብቻ ግን የተለየ መርዝ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው በቀለሙ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሳሉን በሻጋታው አሳብቦ መቀመጥ ነው። ስትተነፍስ ፉጨት የሚመስል ድምፅ ካለ ወይም ስትሮጥ ሳሉ ከተነሳባት ለአስም ትመርመር። 2 ሳምንት ካለፈው፣ ይልቁንም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም መክሳት ካለ የቲቢ ምርመራ ያስፈልጋታል። መተንፈስ ካቃታት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ወዲያው ይውሰዷት።

ወደ ሻጋታው ስንመጣ፣ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ከተማ ነው፤ በዚያ ብርድ መስኮት ክፈቱ ማለት ለተናጋሪው ይቀላል። ነገር ግን ከታጠባችሁ በኋላ ኮርኒሱን ቀና ብለው ይመልከቱት። የሞቀው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው ኮርኒስ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠለጠላል። ሻጋታው የሚኖረው በዚያ ውሃ ነው። በረኪና ላዩን ያነጣዋል እንጂ እርጥበቱን አያስቀርም፤ በላዩ የተቀባ ቀለምም ተልጦ ይወርዳል።

ስለዚህ ሰው ታጥቦ እንደወጣ የውስጡን በር ዘግታችሁ መስኮቱን ለግማሽ ሰዓት ያህል ክፈቱት፤ ብርዱ እዚያው ይቀራል። ግድግዳውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። በክረምት የታጠበ ልብስ እዚያ የማስጣት ልማድ ካለ ይቅር። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ምልክት ካዩ ግን ጣሪያው ያፈሳል ማለት ነው፤ መጀመሪያ ቆርቆሮው ይጠገን።

ሲያጸዱ ልጅቷ ከቤት ትውጣ። ጓንትና ማስክ አድርገው በሳሙና ውሃና በቡርሽ ይሹት፣ ያድርቁት። ኮርኒሱ ቺፑድ ሆኖ ውስጡ ድረስ ከሻገተ ማስቀየር ነው እንጂ ማጠብ ልፋት ነው። በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር በጭራሽ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል። ክፍሉ እንዲደርቅ ብለው ከሰል አቀጣጥለው አያስገቡ፤ የከሰል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል፣ ይህ ከሻጋታው እጅግ የከፋ አደጋ ነው።

ልጅቷ አክስቷ ወይም አያቷ ቤት ስታድር ሳሉ ይቀንስላት እንደሆነም ያስተውሉ። ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ መጀመሪያ ይህንኑ ይንገሩት።