ለጥም ቀን የምትቀመጥ ፒር

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ከመካከላችሁ ፈረንሳይኛ የምትማሩ አላችሁ። ፓሪስ ወይም ሊዮን ገብታችሁ የመጀመሪያ ደመወዛችሁን የምትጠብቁም አትጠፉም። ይህን ደብዳቤ በተለይ ለእናንተ ነው የምጽፈው። ሙያዬ ሒሳብ ነው። ከ30 ዓመት በላይ የሰው ገቢና ወጪ ስመዘግብ ኖሬያለሁ። ገንዘብ ማስቀመጥን ግን ከመዝገብ አይደለም የተማርኩት። ያስተማረኝ የፈረንሳዮች የሰፈር አነጋገር ነው።

ከፓሪስ በስተደቡብ ራንዢስ የሚባል ሰፊ የጅምላ ገበያ አለ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1969 ነው ከመሀል ከተማ ወደዚያ የተዛወረው። ገበያው የሚሞቀው ሌሊት ነው። ሥራ የጀመርኩት እዚያ፣ አንድ የፍራፍሬ ጅምላ ነጋዴ ዘንድ ነው። አብሮን ካርቶን የሚያወርድ፣ ከምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከብረታኝ የመጣ ሽማግሌ ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ እህል ለመቅመስ እንቀመጣለን። ቢላውን ከኪሱ ያወጣል። ዳቦውን ይቆርሳል፣ አይቡን ይቆርጣል። አጠገቡ ያለችውን ፒር፣ ያቺን ውሃ ያዘለች ፍሬ ግን አይነካትም። በመሀረብ ጠቅልሎ ወደ ካፖርቱ ኪስ ይመልሳታል።

አንድ ሌሊት ለምን እንደማይበላት ጠየቅኩት። «ኢል ፎ ጋርዴ ዩን ፑዋር ፑር ላ ሷፍ» አለኝ። ለጥም አንዲት ፒር ማስቀመጥ ያስፈልጋል ማለቱ ነው። ስለ ፍሬዋ ብቻ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። ለክፉ ቀን ገንዘብ ስለማስቀመጥ የሚነገር የቆየ አባባል መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ይህን አባባል ስወደው ኖሬያለሁ። እኛ «ለክፉ ቀን» ስንል የምንጠራው ቀኑን ነው። እነሱ ደግሞ ቀኑ ሲመጣ እጅህ ላይ የሚገኘውን ነገር ይጠራሉ። ያውም በርሜል ሙሉ ውሃ አይደለም። አንዲት ፍሬ ናት። ኪስ ውስጥ ትገባለች። ለመጀመር ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል ለምትሉኝ ሁሉ የምነግራችሁ ስለዚህች ፍሬ ነው።

«ባ ደ ሌን» ይላሉ ደግሞ፤ የሱፍ ካልሲ ማለት ነው። የገጠር ሰው ሳንቲሙን በረጅም የሱፍ ካልሲ እያጠራቀመ ይደብቅ ነበር። ዛሬ ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ቢሆንም ስሙ ያው ካልሲ ነው። ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ የእናቴ መቀነት ነው። ጫፉ ላይ ብር ትቋጥር ነበር። እኔ ስታመም ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ ቋጠሮውን በጥርሷ ትፈታዋለች። አጥብቃ ስለምታስረው በጣት አይፈታም ነበር።

አሁን ስለ ራሴ ስህተት ልንገራችሁ። ፈረንሳዮች «ቅቤ በስፒናች ላይ መጨመር» የሚሉት ነገር አላቸው፤ «ሜትር ዱ በር ዳን ሌ ዜፒናር»። ስፒናች የቆስጣ ዘመድ ነው፤ ለብቻው ያጠግባል እንጂ አያስደስትም። ትንሽ ተጨማሪ ገቢ ሲገኝ ኑሮው ይጣፍጣል ለማለት ነው። መሥሪያ ቤታችን በዓመቱ መጨረሻ አንድ ተጨማሪ ደመወዝ ይሰጥ ነበር፤ 13ኛ ወር ይሉታል። እኔ ያንን ገንዘብ ሁልጊዜ ቅቤ አደረግኩት። ካፖርት፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ለዘመድ የሚላክ የበዓል ገንዘብ። ለቤተሰብ መላኩን ዛሬም አልጸጸትበትም፤ እናንተንም አትላኩ አልላችሁም። የምጸጸተው ከዚያ ሁሉ ላይ አንዲት ፒር ሳላስቀር በመቅረቴ ነው።

አንድ የካቲት ድርጅቱ ተዘጋ። የሁለት ወር ደመወዝ አልተከፈለንም። የሥራ አጥ ድጎማ አለ፤ ግን ወረቀቱ አልቆ ገንዘቡ እስኪገባ ሳምንታት ያልፋሉ። የቤት ኪራይ ሳምንታት አይጠብቅም። የባንክ ሒሳቤ ከዜሮ በታች ወረደ። ይህን «አ ዴኩቬር» ይሉታል፤ ያለ መሸፈኛ፣ ገላህ ተጋልጦ እንደማለት ነው። ቃሉ ትክክል ነው። በዚያ ላይ ባንኩ ስለ ጉድለቱ ወለድ ይቆርጣል። የሌለህን ገንዘብ ትከፍላለህ።

ያ ሽማግሌ የሰማው ከማን እንደሆነ አላውቅም። ካፌ ጠርቶኝ ኤንቨሎፕ በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገልኝ። 2000 ፍራንክ ነበር፤ ዩሮ ገና አልመጣም። «ፒሯ ናት» አለኝ። እሱም እንደ እኔ ሥራውን አጥቶ ነበር። ደመወዙም ከእኔ ያነሰ ነበር። ከፍዬ ለመጨረስ ስምንት ወር ፈጀብኝ።

ቋንቋውን ለምትማሩ ሌሎችም አሉ። ችግር ያለበትን ጊዜ «ሌ ቫሽ ሜግር» ይላሉ፤ የከሱት ላሞች። ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 የመጣ ነው። ፈርዖን ያያቸው ሰባት የሰቡና ሰባት የከሱ ላሞች ናቸው። ዮሴፍ ምን እንዳለ ልብ በሉ። በጥጋቡ ዘመን ከምርቱ ከአምስት እጅ አንዱ ይከማች አለ። የከሱት ላሞች እስኪመጡ አልጠበቀም። እኔም አምስተኛውን ለመያዝ የሞከርኩባቸው ዓመታት ነበሩ፤ አልቻልኩም። ከሃያ እጅ አንዱን ግን ቻልኩ።

ገንዘብን «ብሌ» ይሉታል፤ ስንዴ ማለት ነው። «ስንዴን በቡቃያው መብላት» የሚሉት ያልገባ ደመወዝ ቀድሞ ማጥፋትን ነው። የምትወዱትን ስልክ በዱቤ ስትገዙ ይህን አስታውሱ። እጁ ላይ ገንዘብ የማይበረክትለትን «ፓኒዬ ፔርሴ» ይሉታል፤ የተቀደደ ቅርጫት። «ፍሉዝ» የሚሉትም ገንዘብን ነው፤ ከሰሜን አፍሪካ አረብኛ የገባ ቃል ነው። ዐረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን «ፍሉስ» ሲባል እንደሚያውቁት ያው ነው። «ፍሪክ»፣ «ፖኞን»፣ «ቲዩን» የሚባሉትም የገንዘብ የሰፈር ስሞች ናቸው፤ ከጓደኛ ጋር ይሆናሉ። ባንክ ስትገቡ «አርዣን» በሉ። ገንዘብ አስቀመጥኩ ለማለት «ደ ኮቴ» የሚለው በየትም ቦታ ያስኬዳችኋል፤ ወደ ጎን አደረግኩ ማለት ነው።

ፈረንሳይ ያላችሁ ደግሞ ሊቭሬ አ የሚባለውን የቁጠባ ደብተር ክፈቱ። ከ1818 ጀምሮ ያለ ነው፤ በዚያ ዓመት ነው የመጀመሪያው የቁጠባ ባንክ ፓሪስ ላይ የተከፈተው። በጥቂት ዩሮ ይከፈታል። ወለዱ ዝቅ ከፍ ቢልም ግብር አይቆረጥበትም። በፈለጋችሁ ቀን ታወጣላችሁ። ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ማስገባት የሚቻለውም እስከ 22,950 ዩሮ ነው። ደመወዝ በገባ ማግስት ባንኩ ራሱ ወደዚያ እንዲያዛውር እዘዙት። ወሩ መጨረሻ ላይ የተረፈውን አስቀምጣለሁ ካላችሁ አይተርፍም። የስንት ሰው ሒሳብ አይቻለሁ፤ አይተርፍም።

ልጄ ባለፈው መስከረም የመጀመሪያ ደመወዟን አገኘች። ማታ ደወለችልኝ።

«አባዬ፣ ደ ኮቴ አድርጌያለሁ።»

«ስንት?»

«20 ዩሮ።»

ስልኩን እንደያዝኩ ለእናቷ ነገርኳት። ከማድ ቤት «አበጀሽ በላት» አለችኝ።