ቦርጭ ይታያል፣ ቢኤምአይ ግን «ኖርማል» ይላል

እህቴ፣ «ባለቤቴ ቁመቱ 1.70፣ ክብደቱ 68 ኪሎ ነው። ቢኤምአይህ ኖርማል ነው ተብሏል፤ ቦርጩ ግን እየገፋ ነው። ልስጋ?» ብለሽ ጠይቀሻል። የስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ስለማይ ትንሽ ላብራራልሽ።

ቢኤምአይ ክብደትን ከቁመት አንጻር የሚለካ ቁጥር ነው፤ ሒሳቡም ልክ ነው። 68ን ለ1.70 ሁለት ጊዜ ስታካፍይው 23.5 ይመጣል። ከ18.5 እስከ 24.9 ኖርማል ነው፤ ከ25 ጀምሮ ክብደት በዝቷል፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ግን ቢኤምአይ ኪሎው ጡንቻ ይሁን ስብ አይለይም። ስቡ ዳሌ ላይ ይሁን ሆድ ውስጥም አያውቅም። ቀመሩን በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ቤልጂየማዊው አዶልፍ ኬትሌ የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሰው ነበር፤ የብዙ ሰዎችን አማካይ ሲፈልግ እንጂ ውፍረት ሲመረምር አልነበረም።

እኛ ጋ ከሚመጡት አንዳንዶቹ እጅና እግራቸው ቀጭን ነው። ሚዛን ላይ ሲወጡ ምንም አይባሉም። ስቡ ግን ጉበትና አንጀት ዙሪያ ተከማችቷል። ኢንሱሊን (የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን) ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ የሚያደርገው በዋናነት ይኸው የሆድ ውስጥ ስብ ነው። በተቃራኒው 1.75 ቁመት፣ 92 ኪሎ የሆነ ጡንቻማ ስፖርተኛ ቢኤምአዩ 30 ይሞላል፤ ወገቡ ግን ቀጥ ያለ ሊሆን ይችላል። አረጋውያን ላይ ደግሞ ጡንቻው እየሟሸሸ በስብ ሲተካ ሚዛኑ ላይ ላይታይ ይችላል።

ስለዚህ ወገቡን ለኪው። የሱሪውን ቁጥር አትመኚ፤ ቦርጭ ያለው ወንድ ቀበቶውን ከሆዱ በታች ነው የሚያስረው። የልብስ ሰፊ ሜትር ያዢ። የመጨረሻው የጎን አጥንትና የዳሌው አጥንት ጫፍ መሃል ላይ፣ በባዶ ገላ፣ ሜትሩን ሳታጠብቂ አዙሪው። ሁሉም ወንድ ሜትር ሲያይ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል! ትንሽ አዋሪውና ትንፋሹን ሲያወጣ አንብቢ። ከቁመቱ ግማሽ፣ ማለትም ከ85 ሴንቲ ካለፈ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ለወንድ 94፣ ለሴት 80 የሚለው መለኪያም አለ፤ እሱ ግን ከአውሮፓውያን የተወሰደ ነው፣ ለእኛም በጊዜያዊነት ነው የምንጠቀምበት።

ቢኤምአይ ይጣል እያልኩ አይደለም። ለመነሻ ጥሩ ነው፤ ከ40 በላይ ከሆነማ ብዙም አያከራክርም። ብቻውን ፍርድ ሲሰጥ ነው የምቃወመው። በ2025 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ኮሚሽንም ከቢኤምአይ ጋር ወገብን የመሰለ ሌላ መለኪያ እንዲጨመር መክሯል።

አሁን ደም ግፊቱንና በባዶ ሆድ ስኳሩን ያሳይ። ስኳሩ ከ100 እስከ 125 (mg/dL) ከሆነ ቅድመ ስኳር፣ ማለትም ወደ ስኳር በሽታ የሚያመራ ደረጃ ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር በሽታ መሆኑ ሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። የጉበትና የኮሌስትሮል ምርመራም ቢታከል ጥሩ ነው። «ቢኤምአዩ ኖርማል ነው፣ ምርመራ አያስፈልገውም» ካሉሽ የወገቡን ልክ ንገሪያቸው።