ክፍት ሳንዱች በተፈጨ ሥጋ፦ ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ማክሰኞ ማታ ነው እንበል። ከሥራ ተገብቷል፣ ልጆች ራበን ይላሉ፣ ወጥ ለማቁላላት ጊዜውም ጉልበቱም የለም። ክፍት ሳንዱች ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። ዳቦ ከሥር፣ የተጠበሰ የተፈጨ ሥጋ ከላይ፣ በቃ። መክደኛ ዳቦ የለውም። ጥያቄዎቻችሁ ብዙ ስለሆኑ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። አሠራሩን ባጭሩ ንገሪኝ፣ እህቴ።

መልስ፦ ለ4 ሰው ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ፣ 2 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ 1 የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ ጨው፣ ቃሪያና 8 ቁራጭ ዳቦ ያዢ። ሰፊ መጥበሻ በደንብ አግዪና ሥጋውን በትኚበት። ቡናማ ሲሆን አውጪው። በቀረው ስብ ሽንኩርቱን ጥበሺ፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ድልሁንና በርበሬውን ጨምሪ። ሥጋውን መልሺ፣ ሩብ ስኒ ውሃ ጠብ አድርጊበትና እስኪመጥ ጠብቂ። በተጠበሰ ዳቦ ላይ አድርገሽ ቃሪያ ጣል አድርጊበት። ግማሽ ሰዓት ይበቃሻል።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ የእኔ ሥጋ አይጠበስም። ውሃ ያወጣና ግራጫ ሆኖ ይቀቀላል። ሥጋ ቤቱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ በብዛት የመጣ ነው። ሥጋ ቤቱን ተዪው። ጥሬ ቀይ ሥጋ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። መጥበሻው ላይ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከመፍያ ነጥብ ብዙም አያልፍም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ እዚያ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሥጋ ቡናማ ሆኖ ያ ደስ የሚል ሽታ እንዲወጣው ግን ከ140 ዲግሪ ያላነሰ ይፈልጋል። ስለዚህ ሥራሽ ውሃውን ቶሎ ማባረር ነው።

ግማሽ ኪሎውን አንድ ላይ አትዘርግፊው፤ በሁለት ዙር አድርጊው። ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ በሶፍት ጫን ጫን አድርገሽ አድርቂው። ጨው ውሃ ስለሚስብ ወደ መጨረሻው ይሁን። ዋናው ግን እጅሽን ሰብስቢ! ሥጋው መጥበሻው ላይ ካረፈ በኋላ 3 ወይም 4 ደቂቃ አትንኪው። እኛ ማማሰል ለምዶብናል፤ ማማሰያ ይዞ ዝም ብሎ መቆም ይከብዳል። ጆሮሽን ስጪው። መጀመሪያ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ያ ውሃው ነው። ድምፁ ተለውጦ ሲንጫጫና ጠርዙ ሲጠቁር ያን ጊዜ ገልብጪው።

ሌላም አለ። ወጥ ላይ ሽንኩርት ይቀድማል። እዚህ ግን ሥጋ ይቅደም። ሽንኩርትም ውሃ አለው፤ አብረሽ ከጨመርሽው ሁለቱም ይቀቀላሉ።

ጥያቄ፣ ከዳንግላ፦ የትኛውን ብልት ላስፈጭ?

መልስ፦ ወርች ወይም ዳቢት፣ ከትንሽ ጮማ ጋር። ከአምስት እጅ አንዱ ስብ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጭራሽ ስብ ከሌለው ይደርቃል። ሽንጥና ሳልላ ማስፈጨት ብር ማባከን ነው፣ እነሱ ለጥብስ ይቅሩ። አንድ ጊዜ ብቻ ይፈጭልሽ፤ ሁለቴ ካለፈ ይላቁጣል። የሥጋ መፍጫ ከሌለ በሰላ ቢላ ክተፊው፤ እንዲያውም እኔ የምወደው እሱን ነው።

ጥያቄ፣ ከቡሬ፦ እኛ ክትፎ የለመድን ሰዎች ነን። በጣም ከበሰለ አይጥመንም። ለብለብ ቢሆንስ?

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ በዚህ አልደራደርም። ሙሉ ሥጋ ላይ ጀርሙ በአብዛኛው ከላይ ከላዩ ነው፤ እሳት ሲነካው ይሞታል። ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ መሐል ይገባል። ስለዚህ የተፈጨ ሥጋ እስከ ውስጡ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት ይባላል። የኮሶ ነገር ደግሞ ለአበሻ አይነገርም። ደግሞም እዚህ ምግብ ላይ ጣዕሙ ያለው ቡናማው ላይ ነው። ጥሬ ካማረህ ቅዳሜ ክትፎህን ብላ፤ ይሄን ከእሱ ጋር አታወዳድረው። በርበሬ ላይ ግን እናንተ አገር ነው ያለው፤ የቡሬን በርበሬ ይዘህ ሚጥሚጣ አትፈልግ።

ጥያቄ፣ ከእንጅባራ፦ ገና በልተን ሳንጨርስ ዳቦው ይርሳል። ስናነሳው እጃችን ላይ ይበጣጠሳል።

መልስ፦ ዳቦውን ለስላሳውን እየመረጣችሁ ይሆናል። ትኩስ ዳቦ ለሻይ ነው። ለዚህ የትናንቱ ይሻላል። ከሁሉ የምመርጠው በኮባ የተጋገረ ድፎ ነው፤ በተለይ ጥቁር አዝሙድ ካለበት። 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አወፍሪና ቁረጪው፣ ዘይት በሌለው መጥበሻ በሁለቱም ወገን እስኪጠነክር ጥበሺው። በጥፍርሽ ስትነኪው ኮሽ ማለት አለበት። የዳቦ ቤቱ ክብ ዳቦ ከሆነ ለሁለት ሰንጥቂና የተቆረጠውን ፊት ብቻ ጥበሺ፤ ጀርባው ያጠነክርልሻል።

ከዚያ ቅቤ። ዴንማርኮች ክፍት ሳንዱች ዋና ምሳቸው ነው፣ ስሞርብሮድ ይሉታል፤ እነሱ መጀመሪያ ዳቦውን ዳር እስከ ዳር ቅቤ ይቀቡታል። ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ስብ ርጥበት አያሳልፍም። ለጋ ቅቤ ስስ አድርገሽ ቀቢው።

ሥጋውም መምጠጥ አለበት። ማንኪያ መጥበሻው መሐል ላይ ጎትቺ። መንገዱ ክፍት ሆኖ ከቀረ ደርሷል። መረቅ ፈስሶ ከሞላው ትንሽ ቆዪ። በመጨረሻም፣ ሁሉም ሰው ቁጭ ሳይል ዳቦው ላይ አታድርጊ። ባል ስልክ ላይ፣ ልጅ ቴሌቪዥን ላይ እያለ የተሠራ ሳንዱች ይርሳል፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ጥያቄ፣ ከደጀን፦ አይብ አድርጌበት ምጣድ ላይ ብከድነውም አልቀለጠም። ኦቨን የለኝም።

መልስ፦ ኦቨን ቢኖርሽም አይቀልጥም። የእኛ አይብ የሚሠራው አሬራው ሞቆ ሲረጋ ነው፤ በአሲድና በሙቀት የረጋ አይብ ሲሞቅ ይደርቃል እንጂ አይፈስም። ሳይሞቅ፣ ከላይ በትኚው፤ ከሚያቃጥለው ሥጋ ጋር በጣም ይሄዳል። ቆስጣ ቀንጠብ አድርገሽ ብትጨምሪበት ደግሞ ሌላ ነው። የሚቀልጥ ከፈለግሽ ፎርማጆ ግዢ፤ ሳንዱቹን መጥበሻ ላይ አድርገሽ በትንሽ እሳት 2 ደቂቃ ክደኚው።

ጥያቄ፣ ከሞጣ፦ ንጥር ቅቤ መጀመሪያ ነው ወይስ መጨረሻ?

መልስ፦ ንጥር ቅቤ እሳት ይችላል፤ ግን ኮረሪማውና በሶብላው በኃይለኛ እሳት ሽታቸው ይጠፋል። በዘይት ጥበሺ፣ እሳቱን ካጠፋሽ በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጥር ጣል አድርጊበት።

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ ረቡዕና ዓርብስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ድፍን ምስር። ክክ አይደለም፤ ክክ ይፈርሳል። ጠዋት ዘፍዝፈሽው ውጪ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ቆላ ካለው ዘመድሽ ቤት ይልቅ ምስርሽ ይዘገያል። ፍሬው ሳይፈነዳ አውርጂ፣ ውሃውን አጥልዪ፣ ከዚያ እንደ ሥጋው በጋለ ዘይት ጥበሺው። ሽንኩርት፣ ድልህ፣ በርበሬ፣ ያው ነው። በቅቤ ፋንታ ዳቦው ላይ አቮካዶ ቀቢ። ዳቦው ወተት ወይም ቅቤ እንዳይኖርበት ዳቦ ቤቱን ጠይቂ።

ጥያቄ፣ ከዱርቤቴ፦ አባቴ አብረውኝ ይኖራሉ። «እንጀራ የሌለበት እራት ምኑ እራት ነው?» ይላሉ።

መልስ፦ ልክ ናቸው! ከአባት ጋር ክርክር አያስፈልግም። ለእሳቸው ያንኑ ሥጋ ትንሽ ሞቅ ያለ ውሃ ጨምረሽበት ላላ አድርጊና በእንጀራ አቅርቢላቸው። ዳቦ ላይ ያለውን ለልጆቹ ስትሰጪ አንድ ቁራጭ ከሳህናቸው ዳር አኑሪ። ምንም አትበዪ።

ጥያቄ፣ ከአዴት፦ ለልጄ ምሳ ዕቃ የተረፈውን መቋጠር ይቻላል? ስንት ቀን ይቆያል?

መልስ፦ የበሰለው ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል። ከእሳት በወረደ በ2 ሰዓት ውስጥ ግን ይግባ፤ አምሽቶ ምድጃ ላይ ያደረ አይሰጥም። መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ እሱንም አትመኚው። ጥሬው የተፈጨ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 ቀን በላይ አይደር፣ ወይ ፍሪዘር አስገቢው። ምሳ ዕቃን በተመለከተ፣ ሥጋውን ጠዋት እስኪያቃጥል አሙቂና በፔርሙዝ አድርጊው፤ ዳቦው ለብቻው በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅለል። ልጁ ራሱ ያድርገው፣ ይወደዋል። ፔርሙዝ ከሌለ ሥጋውን ለማታ አስቀምጪና ጠዋት ዳቦ በእንቁላል ቋጥሪለት።