ማታ ማታ ይግለጡት

እህታችን ለገጣፎ ጓሯቸው ያለው 8 በ4 ሜትር የዋና ገንዳ ከየካቲት ወዲህ 30 ዲግሪ እየደረሰ ልጆቹ አንገባም እንዳሉ፣ ውሃውም በሦስት ቀን አረንጓዴ እንደሚሆን ጽፈው፣ «በረዶ ይጨመርበት ወይስ የማቀዝቀዣ ማሽን ልግዛ?» ብለው ጠይቀዋል። አዲስ አበባ ዙሪያ ገንዳ ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ ምን የሚሉት ነው ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። እኔም ፈገግ ብያለሁ። ፎቶውን ሳየው ግን ነገሩ ገባኝ፦ ያ ሰማያዊ ባለ አረፋ ፕላስቲክ ቀንም ሌትም ከላዩ አይነሳም መሰለኝ።

ዱባይ ስድስት ዓመት የገንዳ ጥገና ላይ ሠርቻለሁ፤ አሁን ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ የጥቂት ቤቶችን ገንዳ እይዛለሁ። እዚያ ዱባይ በሐምሌና በነሐሴ ማሽን የግድ ነው። ሌሊቱም እንደ ቀኑ ይሞቃል፣ አየሩ ደግሞ የባሕር እርጥበት ስለሚበዛበት ትነት ብዙም አይቀበልም። እኛ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። በጋ ላይ ቀኑ ቢያቃጥልም አየሩ ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ብርድ ልብስ ያስደርባል። ገንዳው ሳይሸፈን ካደረ የሚተነው ውሃ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ይህ እያለ ማሽን መግዛት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

በቁጥር ላሳይዎት። የገንዳው ጥልቀት በአማካይ 1 ሜትር ከ25 ከሆነ 40,000 ሊትር ይይዛል። በአንድ ሌሊት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢተን 160 ሊትር፣ ማለትም ስምንት ጀሪካን ነው። ይዞት የሚሄደው ሙቀት የቀረውን ውሃ ከ2 ዲግሪ በላይ ለማውረድ ይበቃል። በረዶውስ? አንድ ኩንታል ቢጥሉበት የዲግሪ ሲሶ እንኳ አያወርድም። ልጆቹ ይጫወቱበታል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

ውሃ በቦቴ ለሚገዛ ሰው ስምንት ጀሪካን ወደ ሰማይ መልቀቅ እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ፤ ሽፋኑንም ያለበሱት ለዚሁ ይመስለኛል። ግን ያ ፕላስቲክ የተሠራው ለማሞቂያ ነው። ብርሃኑን ያስገባል፣ ትነቱን ያፍናል። ለክረምት ያስቀምጡት። አሁን ቀን ቀን ከውሃው ሁለት ሜትር ያህል ከፍ አድርገው የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበትን የጥላ መረብ ይወጥሩ፤ ነፋስ ከሥሩ ይለፍ። ማታ ደግሞ ገንዳው ሰማዩን ይይ። ቀዝቀዝ ካለልዎት በኋላ ውሃ ለመቆጠብ አንዳንድ ሌሊት ቢሸፍኑት ችግር የለውም። ትንንሽ ልጆች ካሉ ግን የጓሮው በር ይቆለፍ።

የሽፋን ነገር እኔንም አሳስቶኛል። አንዴ ጥላ ይሆናል ብዬ የሰው ገንዳ ላይ ጥቁር ላስቲክ አለበስኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ጫፉን ገልጬ እጄን ሰደድኩ። ላዩ ለእግር መታጠቢያ የተሞቀ ውሃ ነው፤ እስከ ክርኔ ሳስገባው ግን ጣቶቼ ቀዘቀዙ። ስለዚህ የእርስዎም ቴርሞ ሜትር የሚንሳፈፍ ከሆነ የሚነግርዎት የላዩን አንድ ስንዝር ነው። በክር አስረው እስከ ወገብ ጥልቀት ያውርዱትና ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ያንብቡት። ለዋና ውድድር የሚፈቀደው ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ነው፤ 27 ካገኙ አይጨነቁ።

ፓምፑንም ከቀን ወደ ሌሊት ያዙሩት። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋት፣ መብራት ካለ። ከወለሉ የሚስበውን መስመር ከፍተው የመመለሻውን አፍንጫ ወደ ላይ ቢያቀኑት ውሃው እየተንፎለፎለ ይቀላቀላል፣ አየርም ያገኛል። ከፍ አድርገው ግን አይርጩት። እኔ አንድ ነፋሻ ሌሊት ረጭቼ የጎረቤትን የታጠበ ልብስ እንደገና አጥቤላቸዋለሁ፤ ጠዋት የሰማሁትን እዚህ አልጽፈውም።

አረንጓዴው ሌላ ጣጣ ነው። ክሎሪኑን ጠዋት የሚጨምሩ ከሆነ ፀሐይ ትበላዋለች፤ በእኛ ከፍታ ጨረሩ ይበረታል። ከመሸ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ይጨምሩ። ውሃው ውስጥ የሚገኘው ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤቹ (የአሲድነቱ ልኬት) ደግሞ ከ7.2 እስከ 7.8 ይሁን። ማታ ለክተው ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ሳይነካው፣ ደግመው ይለኩ። በሌሊት በጣም ከቀነሰ የሚበላው ፀሐይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ የያዘው አረንጓዴ ነገር ነውና በብሩሽ ይፈትጉት፤ ያን ጊዜ የክሎሪኑም መጠን ለጊዜው ከፍ ይበል፣ እስኪወርድም ልጆቹ አይግቡ።

አንድ ነገር ረስቼ፦ ፎቶው ላይ ከፓምፑ ቤት እስከ ገንዳው ጥቁር ቱቦ ሲሚንቶው ላይ ተጋድሟል። እኩለ ቀን ላይ ፓምፑ ከሠራ እሱ ራሱ ማሞቂያ ነው። በሣሩ በኩል አዙረው ይቅበሩት፤ ሁለት ስንዝር ይበቃል፣ ለአንድ የቀን ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።