የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ቤት ምርጫን በተመለከተ፦ ለወልድያዋ እህታችን

ውድ እህታችን፣ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደሚያገለግሉ፣ ትንንሽ ልጆች እንዳሉዎት፣ ሁለተኛ ዲግሪዎን አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይስ ደሴ በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር ቢማሩ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ ደሴ ውስጥ በምክር አገልግሎት የምሠራ ስሆን ይህንኑ ምርጫ በችኮላ አድርጌ ዋጋ የከፈልሁ ሰው ነኝ።

ከዩኒቨርሲቲው በፊት መለየት ያለበት ዘርፉ ነው። ሳይኮሎጂ ያው ሳይኮሎጂ ነው ብዬ በካውንስሊንግ (በምክር አገልግሎት ዘርፍ) ተመረቅሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን ካለፈ በኋላ፣ እንቅልፍ ያጡና በትንሽ ድምፅ የሚደነግጡ ሰዎች በበዙበት ወቅት፣ አንድ ሆስፒታል የሥራ ማስታወቂያ ሲያወጣ ደስ ብሎኝ ለመመዝገብ ሄድሁ፤ ይሁንና ማስታወቂያው ክሊኒካል ሳይኮሎጂ (የአእምሮ ሕመምን የሚመረምረውና የሚያክመው ዘርፍ) ስለሚል ማስረጃዬን ገልጦ እንኳ ያየልኝ አልነበረም። እርስዎ በትምህርት ቤት መቀጠል ከፈለጉ ካውንስሊንግ ወይም የትምህርት ሳይኮሎጂ ይበቃዎታል፤ ልብዎ ሆስፒታል ከሆነ ግን ዲግሪው ላይ የሚጻፈውን ስም ከአሁኑ ያስቡበት።

ብዙዎቻችን ሳንጠይቅ የምንመዘገበው ስለ ተግባር ልምምዱ ነው። እኔ በተማርሁበት ተቋም የምክር ክህሎትን የተለማመድነው እርስ በርሳችን፣ አንዳችን ባለጉዳይ ሌላችን አማካሪ እየሆንን ነበር። የክፍል ጓደኛ ፈጥሮ የሚያወራውን ችግር ማዳመጥና ልጇን ቀብራ ከመጣች እናት ፊት መቀመጥ ግን አይገናኙም። ሥራ በጀመርሁበት ሰሞን አንዲት እናት ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብላ ስትቀመጥ ዝምታውን መታገሥ አቅቶኝ እንድትናገር ወተወትኋት፤ በቀጣዩ ቀጠሮ አልመጣችም። በትምህርቴ ጊዜ አጠገቤ ተቀምጦ «ተዋት፣ በዝምታው ትረፍ» የሚለኝ አሠልጣኝ አግኝቼ ቢሆን ኖሮ ያን ስሕተት በእርሷ ላይ ባልተማርሁት ነበር። ስለዚህ ተማሪው ከእውነተኛ ባለጉዳይ ጋር ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ፣ የት እንደሚመደብ፣ ማን እንደሚከታተለው፣ አንድ አማካሪ መምህር ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ እንደሚይዝ ይጠይቁ። የሚጠይቁትም የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችን ይሁን፤ ሬጅስትራሩ የሚያውቀው ክፍያውንና የምዝገባውን ቀን ነው።

በዚህ ሚዛን፣ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አዲስ አበባ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ መማር ብቻውን አማኑኤል ያስገባል ማለት ስላልሆነ ምደባውን ያጣሩ። ጎንደር ክሊኒካል ሳይኮሎጂን በሁለተኛ ዲግሪ ስለሚያስተምር ለሆስፒታል ፈላጊ መታየት ያለበት ነው። የደሴም ጥቅም ግን በቀላሉ አይታይ። እኛ ዘንድ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጠበል ተጠምቆ ወይም ዱዓ አስደርጎ፣ አንዳንዴም ሁለቱንም ሞክሮ ነው፤ ይህን ሳይንቁና ሳይሽቀዳደሙ ማነጋገርን የሚማሩት እዚሁ፣ ከሰዉ ጋር ነው።

ደሴ ላይ ያዩት የግል ኮሌጅ ከሆነ፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያገኘው ዕውቅና ለዚያው የትምህርት መስክና ለዚያው ካምፓስ መሆኑን በጽሑፍ ይዩ፤ ለሌላ ከተማ ቅርንጫፍ የተሰጠ ፈቃድ እዚህ አይሠራም። ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም ስላለ እርሱንም ቀደም ብለው ይዘጋጁበት። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ የወጪ መጋራት ጉዳይዎን አሁኑኑ ይጨርሱ፤ እኔን አንድ ሴሚስተር ያስቀረኝ ይኸው ነበር።

በትምህርት ቤት የሚቀጥሉ ከሆነና የደሴው ትምህርት ክፍል የልምምድ ቦታውን በስም ከነገረዎት፣ ልጆችዎን ጥለው እንዲርቁ አልመክርም። ካልነገረዎት ግን፣ ከብዶም ቢሆን ጎንደርን እመርጥልዎታለሁ። ደሴን ከመረጡ ደግሞ ከወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ስለሆነ፣ ዓርብ ከሰዓት እንዲለቁዎት ከርዕሰ መምህርዎ ጋር ከመመዝገብዎ በፊት ይስማሙ፤ አለዚያ የቅዳሜ ጠዋቱ ክፍል በየሳምንቱ ያመልጥዎታል።