ነገ ወፍ ልታመጡ ነው? ጠይቁኝ፤ ማጨሻውን ግን መጀመሪያ ከቤት አውጡት

አባ ክንፍ፦ ሰላም ሰፈር። ዛሬ ማታ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ጥያቄ እመልሳለሁ። ለማያውቀኝ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው ያለሁት። በጂ፣ ያቺ ትንሿ በቀቀን፣ ማርባት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ስለ ዶሮ አትጠይቁኝ። አንድ ነገር ቀድሜ ልበል፤ ጭስ። ማታውን ሙሉ ስደግመው ትሰሙኛላችሁ፣ ከሰለቻችሁ ቻሉት።

የከዚራዋ፦ ጋሼ እንደምን አመሹ። ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ወፌን ላመጣ ነው። አንዲት አረንጓዴ በጂ። ኬጁን ከገዛሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ ባዶውን እያየሁ እንቅልፍ አጣሁ። ብትጠላኝስ? በእኔ ጥፋት ብትሞትብኝስ? እማዬ «ወፍ እንዲህ ካስጨነቀሽ ልጅ ስትወልጂ ምን ልትሆኚ ነው» እያለች ትስቅብኛለች።

አባ ክንፍ፦ «አንተ» በይኝ፣ ድሬ ነን እኮ።

ምንም አልሆንሽም። እኔ የመጀመሪያዋን ሳመጣ የባጃጁን ሹፌር «ቀስ፣ ቀስ» ስለው እንቁላል የያዝኩ መስሎት ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ስትንኳኳ ጊዜ «ወንድም፣ እንቁላልህ ተፈለፈለ» አለኝ።

ብትጠላኝስ ላልሽው፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ትጠላሻለች። ቻይው። እሷ 30 እና 40 ግራም መሃል ናት። ያንቺ እጅ ብቻውን ከእሷ ይከብዳል። ኬጁን አንድ ጎኑን ግድግዳ አስደግፈሽ ደረትሽ ቁመት ላይ አድርጊው፣ በአራቱም ጎን ከተከፈተባት አታርፍም። እህልና ውሃ አስገቢና ውጪ። ሦስት አራት ቀን እጅሽን አታስገቢባት። አጠገቧ ተቀምጠሽ ስልክሽን ነካኪ፣ በለሆሳስ አውሪላት፣ እንዳላየሽ ሁኚ። ፊት ለፊት ትክ ብሎ የሚያያት አዳኝ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ሲመሽ ጭንቅላቷን ወደ ጀርባዋ አዙራ፣ አንድ እግሯን ላባ ውስጥ ከታ ስታንቀላፋ ታያታለሽ። ባንቺ ፊት ካንቀላፋች አለቀ፣ ቤተሰብ ሆናችኋል።

ፍርሃትሽ ጥሩ ነው፣ ያለ ቦታው ነው የዋለው። ወደ ቤቱ አየር አዙሪው። የወፍ ሳንባ እንደኛ አይደለም። ከሳንባዋ ሌላ ሰውነቷ ውስጥ የአየር ከረጢቶች አሏት። አየሩ ሳንባዋን ባንድ አቅጣጫ ነው የሚያልፈው፣ ስታስገባም ስታስወጣም ኦክስጅን ትወስዳለች። ለመብረር ተብሎ ነው። ግን ኦክስጅኑን እንዲህ አሟጦ የሚወስድ ሳንባ መርዙንም አሟጦ ይወስዳል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንቁላል ልጠብስ አዲስ የማያጣብቅ መጥበሻ ጣድኩ። ስልክ ተደወለ። መጥበሻው ባዶውን ጋለ። እኔን ሽታው እንኳን ብዙ አልተሰማኝም። ስመለስ ሁለቱ በጂዎች ኬጁ ወለል ላይ ናቸው። የአንዷ እግር ገና ይንቀሳቀስ ነበር። በመስኮት ባወጣኋትም አልተረፈችም። ያ ሽፋን ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ሰውን ጉንፋን የያዘው ያስመስለዋል፣ ወፍን በደቂቃዎች ይገድላል። ከዚያ ወዲህ ቤቴ የብረት መጥበሻ ነው።

ዕጣኑ፣ ኡንሲው (ያ ቤት የሚታጠንበት ሽቶ)፣ የከሰሉ ጭስ፣ ቡናው ሲቆላ፣ እንዲሁ ባንዴ አይገድሉም። ቀስ ብለው ነው። አታጭሱ አላልኩም፣ እናቴም አትሰማኝም። ማጨሻው በረንዳ ላይ፣ ወፏ ጓዳ፣ በሩ ዝግ።

የመጋላው ልጅ፦ ሙቀቱስ አቦ? ግንቦት ላይ እኛ ራሳችን ስንቀቀል እሷ እንዴት ትችላለች?

አባ ክንፍ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። የበጂ አገሯ የአውስትራሊያ ደረቅ ሜዳ ነው። ድሬ ለእሷ እንግዳ አገር አይደለችም፣ ሐረር ነው የሚበርዳት። ጥላ፣ ንፁህ ውሃና የሚንቀሳቀስ አየር ካገኘች የእኛን ግንቦት ትወጣዋለች። የሚገድላት የተዘጋ የቆርቆሮ ቤትና መስኮት ላይ የተረሳ ኬጅ ነው። ወፍ አያልባትም። ሲሞቃት አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ክንፎቿን ከጎኗ ታርቃለች፣ ብብቷን የምታናፍስ ይመስላል። ይህን ስታይ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ውሰዳት፣ ለብ ያለ ውሃ እንደ ጤዛ እርጫት፣ የምትታጠብበት ዝርግ ሳህን አስገባላት። በረዶ ውሃ ውስጥ እንዳትነክራት!

ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ድሬ ሱቁን ዘግቶ ይተኛል። እሷንም በዚያ ሰዓት ተዋት። ውሃዋን ጠዋትና ከሰዓት ቀይር፣ በእኛ ሙቀት ውሎ ያደረ ውሃ ይበላሻል።

አንድ ሰው የማይነግርህን ልንገርህ። የጣሪያ ቬንትሌተር። ድሬ ውስጥ የሌለበት ቤት የለም። ወፏን ከኬጅ ከማውጣትህ በፊት አጥፋው፣ ክንፉ እስኪቆም ጠብቅ። የሚዞረው ክንፍ ይመታታል።

እናት ነኝ፦ ምን ትበላለች?

አባ ክንፍ፦ ዳጉሳና ማሽላ ዋናው ነው፣ ሐረርጌ ተቀምጦ ማሽላ የሚቸግረው የለም። ትንሽ አጃ። ኑግ በቁንጥጫ ብቻ፣ ቅባቱ ብዙ ነው። በነገራችን ላይ ኑግ የኢትዮጵያ ልጅ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ድረስ ተልኮ የወፍ ቀለብ ይሆናል፣ እኛ ዘይት እንጨምቀዋለን። እህል ብቻውን ግን አይበቃም። ጎመን፣ ካሮት፣ የማንጎ ቁራጭ በየቀኑ አስለምዷት። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ፈጭታችሁ ስጧት፣ ለካልሲየም። አቮካዶ በፍፁም! ይገድላል። ቸኮሌት፣ ቡና፣ ጨው፣ ሽንኩርትም አይሆንም። ሐረር ያላችሁ ደግሞ ቁጢውንም፣ የቡና ቅጠሉን ሻይ፣ አታቅምሷት።

የደቻቱ እርግብ፦ እኔ ግን አንድ ነገር ልበል። ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? እርግብ ያዙ አቦ። ጠዋት ትለቃታለህ፣ ማታ ራሷ ትመጣለች። ኬጅ የለ፣ ለቅሶ የለ።

ለገሃር፦ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ኩሷን ትጥላለች፣ ጠብ አለ እንጂ።

የደቻቱ እርግብ፦ ጎረቤትህ ክፉ ነው ማለት ነው። እኛ ጋ ሕፃናቱ ራሳቸው ይመግቧቸዋል።

ለገሃር፦ ለነገሩ እኔ ወፍ ማሰሩን ራሱን አልወደውም። ክንፍ የሰጠውን ፍጡር ሽቦ ውስጥ መክተት ወላሂ ያስጠይቃል።

አምስት በር፦ ታዲያ ዶሮው ምን በደለ? እሱም ክንፍ አለው።

ለገሃር፦ ዶሮ ይበላል፣ ሌላ ነው።

አምስት በር፦ ሲበላ ነው የማያስጠይቀው?

አባ ክንፍ፦ እረፉ። የእርግቡን ሌላ ማታ። ለገሃር ያነሳው ግን ከንቱ አይደለም። ከሰው እጅ የተፈለፈለች በጂ ድሬ ሰማይ ላይ ብትለቃት ሁለት ቀን አትቆይም። ስለዚህ መልሱ መልቀቅ ሳይሆን ኬጁን ማስፋት ነው። ከቁመቱ ወርዱ ይብለጥ፣ ወፍ ወደ ጎን እንጂ እንደ ሊፍት ሽቅብ አትበርም። ክቡን የጌጥ ኬጅ ተዉት።

የመጋላው ልጅ፦ ብየዳ ቤት ባሠራውስ? ይረክሳል።

አባ ክንፍ፦ አሠራ። ሁለት ነገር ግን ልብ በል። የሽቦው ክፍተት ከ1.2 ሴንቲ አይብለጥ፣ ጭንቅላቷን አሾልካ ትታነቃለች። ሁለተኛ፣ ያ የሚያብረቀርቀው ነጭ ሽቦ ዚንክ የተለቀለቀ ነው፣ ዚንክ ለእሷ መርዝ ነው። እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሽቦ ስትነክስ ነው የምትውለው። በኮምጣጤና በብሩሽ ፈትገህ፣ በደንብ አለቅልቀህ፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው። ብየዳው ላይ የቀረ ጠብታ ካለ በሞረድ አስነሳው። የድሮ ቀለም ያለበት ብረትም አይሁን፣ እርሳስ ይኖረዋል።

አምስት በር፦ ሐረር ጀጎል ነኝ። ግቢያችን ክፍት ነው፣ ጥላም አለው። ቀን ቀን እዚያ ልስቀላት?

አባ ክንፍ፦ ጊድር መጋላ ሥጋ ገዝተህ ታውቃለህ? ጭልፊቱ ከእጅህ ላይ ሥጋውን መንጥቆ ሲሄድ አይተሃል። እሱን ነው የምልህ። ኬጁን ባይከፍተው እንኳ በድንጋጤ ይገድላታል። ድመቱም አለ፣ የድመት ጥፍር ትንሽ ቢጭራት እንኳ አፋጣኝ ሕክምና ያስፈልጋታል። አንተ አጠገቧ ካለህ አውጣት፣ ከሌለህ ቤት ትዋል። ማታ ሐረር ስለሚቀዘቅዝ ኬጁን በነጠላ ሸፍን፣ አንዱን ጎን ክፍት ተው። እና ጭስ!

ሸዋ በር፦ ምን ትበላለች?

አባ ክንፍ፦ ከላይ አለ።

ሸዋ በር፦ ሳላየው ነው። ወንድና ሴትስ?

አባ ክንፍ፦ ከመንቁሯ በላይ፣ አፍንጫዋ ያለባት ቆዳ። ያደገ ወንድ ሰማያዊ፣ ሴት ቡናማ። ጫጩት ሳሉ ያሳስታል። አንዳንድ ቀለሞች ላይም አይሠራም። ማውራት ከፈለግህ ወንዱ ይሻልሃል።

ገንደ ቆሬ፦ አንድ ልጅ ከደጋ ያጠመድኩት ነው ብሎ አረንጓዴ ላቭበርድ በርካሽ አመጣልኝ። ግንባሩ ቀይ ነው። ልግዛው?

አባ ክንፍ፦ አትግዛ። ያ ጥቁር ክንፍ ያለው ላቭበርድ ነው፣ ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው። በዓለም ላይ አገሩ ኢትዮጵያና ኤርትራ ብቻ ነው። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። ሕጉን ብትተወው እንኳ የዱር ወፍ ኬጅ ውስጥ ራሱን ሲያጋጭ አይቻለሁ፣ ማየት አትፈልግም። አንተ ከገዛኸው ልጁ ነገ ሌላ አሥር ያጠምዳል።

ታይዋን፦ ጫት ብትቀምስስ ምን ትሆናለች? 😄

አባ ክንፍ፦ አታቅምሳት። በርጫ ክፍል ደግሞ ጭራሽ ወፍ አይገባበትም፤ ሲጋራው፣ ሺሻው፣ ኡንሲው ባንድ ላይ። ምን ስል አመሸሁ?

እናት ነኝ፦ ልጄ አስም አለባት፣ ወፍ ይከለከላል?

አባ ክንፍ፦ ይህን ለሐኪሟ። የላባ ብናኝ ያስነሳባታል፣ ሳይጠየቅ አይገባም።

የከዚራዋ፦ ብትታመም እንዴት አውቃለሁ? እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

አባ ክንፍ፦ ትደብቅብሻለች። ወፍ በሽታዋን ካሳየች አዳኝ ስለሚለይባት እስከ መጨረሻው ጤነኛ መስላ ትቆያለች። ስለዚህ ጤነኛ ሳለች ልመጃት። ጠዋት ጠዋት ወረቀቱን ስትቀይሪ ኩሷን እዪ፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ መሃሉ ላይ ነጭ፣ ትንሽ እርጥበት። ያ ከተለወጠ ወይም ካነሰ ንቂ። ቀን ላይ ላባዋን ነፍታ ኬጁ ወለል ላይ ከተቀመጠች፣ ስትተነፍስ ጅራቷ ከፍ ዝቅ ካለ፣ የዚያኑ ቀን ነው እርምጃው። ግራም የሚለካ ትንሽ ሚዛን ያዢ፣ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙባት ዓይነት። 36 ግራም የነበረች 32 ከገባች በዓይንሽ ሳይታይሽ ታማለች። የሰው ኪኒን ውሃ ውስጥ አትጨምሪባት፣ ፋርማሲ ያለው ጓደኛሽ ቢመክርሽም። እኛ አካባቢ ሐኪሙ በግና ግመል ነው የለመደው፣ ወፍ የሚያውቅ ከፈለግሽ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ ከዚያ ጠይቂ። ሳትታመም ጠይቂ።

ኬጁን ስታጸጂ ደግሞ በደረቁ አትጥረጊ፣ በእርጥብ ጨርቅ። ከወፍ ወደ ሰው የሚተላለፍ የሳንባ በሽታ አለ። ትኩሳትና ሳል ከያዘሽ ለሐኪሙ «ወፍ አለኝ» በይው።

ሸዋ በር፦ ስለ ወፍ አጠቃላይ መረጃ ብትሰጠን?

አባ ክንፍ፦ አጠቃላይ የለኝም። 4 ሰዓት ሆነ። ደህና እደሩ።

የከዚራዋ፦ (በማግስቱ፣ ከሰዓት) መጣች። መንገዱን ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በጠዋቱ ቅዝቃዜ ነው ያመጣኋት። መቆሚያው ላይ ጥግ ይዛ ደርቃ ነው የቆመችው። አምስት ሰዓት ሙሉ ምንም አልበላችም። አሁን ግን እኔ ልብስ ሳጣጥፍ አንዲት ፍሬ ማሽላ ስትፈለፍል ድምፁን ሰማሁት። ቅርፊቱ ወረቀቱ ላይ ወደቀ። አላየሁም፣ እንዳላየሁ ሆኛለሁ። እጄ ግን ይንቀጠቀጣል።

አባ ክንፍ፦ ጎበዝ። ማጨሻው የት ነው?

የከዚራዋ፦ ደብቄዋለሁ። ግን እማዬ «እንኳን ደህና መጣች» ብላ ቡና ልታፈላ ከሰል እያያዘች ነው።

አባ ክንፍ፦ በረንዳ! በረንዳ በያት!